ዘርፈሽዋል ዝም ያለችበት ሐሙስ

ዘርፈሽዋል እባላለሁ። ወልቂጤ ላይ «ያቺ ለፍላፊዋ ሴትዮ» ብላችሁ ባጃጅ ብትሳፈሩ እኔ ቤት በር ላይ ያወርዳችኋል። አልቀየምም፤ እውነት ነው። ነገር ሲገባኝም ሳይገባኝም እናገራለሁ።

የምሠራው የብራና መጻሕፍት በሚጠኑበት ማዕከል ነው፤ መዝገብ ቤቱና ቁልፎቹ በእኔ እጅ ናቸው። ማዕከል ይባል እንጂ ነገሩ ቤተ መንግሥት ነው። እጅ የሚነሳ አለ፣ ወሬ የሚያቀብል አለ፣ ሳይጠሩት ስብሰባ ገብቶ የሚያጨበጭብ አለ። ዘንድሮ ደግሞ ዙፋኑ ባዶ ሆነ፤ የድሮው ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ለቦታው ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንዱ ዶክተር ግሩም ነው፤ ከሰሜን መጥቶ አራት ዓመት የሠራ፣ ለጊዜው ተጠባባቂ ኃላፊ የሆነ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ማስታወሻ ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፍ ሰው። ሁለተኛዋ ናዝሬት ናት፤ የጥያ ልጅ፣ እሱ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚፈልገውን ግዕዝ ቆማ የምታነብ።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የናዝሬት የክርስትና እናት እኔ ነኝ። በሰማንያ ቀኗ አቅፌ ያስጠመቅኳት እኔ ነኝ። «በዘመድ ገባች» እንዳይሏት ብለን ሁለታችንም አልተናገርንም። በዕድሜዬ ሙሉ የጠበቅኩት ምስጢር ይሄ ብቻ ነው።

መዝገብ ቤቱ ጥግ አንድ ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ቁጥር አርባ አንድ ተቀምጧል፤ አፍ የሚያስር ድግምት የተጻፈበት ብራና። በማዕከሉ ደንብ ማንም እንዳይከፍተው ተከልክሏል። እንደሚሠራ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ እንግዳ ተመራማሪ አንዷን ገጽ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ የሠፈሩ አውራ ዶሮ ሁሉ ሦስት ወር ሳይጮህ ከረመ። እኔ ራሴ ስንት ቀን አርፍጃለሁ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ዶክተር ግሩም መጣ፤ ትርፉን ቁልፍ ከኃላፊው መሳቢያ አውጥቶ ኖሮ ያንን ቁም ሣጥን ፊቴ ከፈተው።

«እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ የናዝሬትን እናት ያውቋቸዋል አይደል?» አለኝ በማር ድምፅ።

«በደንብ ነዋ።»

«የልጅቱን የክርስትና ስም ከነእናቷ ስም ይጠይቁልኝ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ትንሽ ዝም እንድትል ነው። ከተሾምኩ ጡረታዎን እኔ አራዝምልዎታለሁ።»

አያችሁ ድፍረቱን? ድግምት ያለ ክርስትና ስም አይዝም፤ ለዚህም ነው ሰው ስሙን የሚደብቀው። እምቢ ልለው ነበር። ለማን ልክሰሰው? አቤቱታ የሚቀበለው ራሱ ነው። እምቢ ካልኩት ደግሞ ጥያ ወርዶ እናቷን አሰፋሽን ይጠይቃል። አሰፋሽ ወዳጄ ናት፣ ግን አፏ ወንፊት ነው፤ ዶክተር ጠየቀኝ ብላ የሰባት ቤት ስም ትዘረግፍለታለች። የሐሰት ስም እንዳልሰጠው ደግሞ መጽሐፉ መፈተኛ አለው፤ ስሙ ውሃ ላይ ሲጠራ፣ ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ውሃው አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው ስም ያስፈልገኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የባሌ እህት ትዝ አለችኝ። ግን ምን አደረገችኝ? ሽሮዬን ከማማት በቀር ምንም። ማክሰኞ ጠዋት «ወለተ ሥላሴ፣ የትርሲት ልጅ» አልኩት። እሱ ስሙን በሣህን ውሃ ላይ ጠራው፤ ውሃው ተንቀጠቀጠ። ትርሲት እናቴ ናት፣ ወለተ ሥላሴም እኔው ነኝ። ግሩም ፈገግ ብሎ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጻፈና፣ ሐሙስ ማለዳ ሊደግምበት ገጹ መሃል ከተተው።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ለቀቀው። ልሰድበው ስል ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ዘጋ።

«እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ። የደነገጥኩት ያኔ ነው። ለአምሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር ጥሎኝ ሄደ፤ ማልቀስ አማረኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰብሳቢው ጋሽ ሙባሪክ ናቸው፤ ጽሑፍ ሲመረምሩ ያረጁ አዛውንት። ናዝሬት ተነስታ ስለ ማዕከሉ ዕቅድ ተናገረች። ግሩም አፍ አፏን እያየ ይጠብቃል። እሷ እንደ ውሃ ትፈስሳለች። እሱ ያልበዋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አልቻለም፤ ዘሎ ተነሳ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከለከለው ብራና ተከፍቷል። እዚህ ቤት እሱን አንብቦ የሚረዳ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቁልፉን የያዙት እትዬ ዘርፌ ይመስክሩ።» እኔን የገዛኝ መስሎታላ።

ናዝሬት ወደ እኔ ዞረች። ሹመቷ፣ ስሟ፣ የስንት ዓመት ድካሟ አፌ ላይ ቆመ። ተነሳሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ጣቶቼም አልታዘዝ አሉኝ፤ ለካ ድግምቱ ጽሑፍንም ያስራል። ከኋላ አንድ ሰው «አፈረች» ብሎ አንሾካሾከ።

ጋሽ ሙባሪክ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ይህችን ሴት ሳውቃት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለቅሶ ቤት ዝም ብላ አታውቅም። አንዴ የእኔን ንግግር አቋርጣ እሷ ጨርሳዋለች። ዛሬ ተጠይቃ ዝም አለች። መጽሐፉ ተከፍቷል፤ የተዘጋው አፍም ይኸው። አምጡት።»

ብራናውን አመጡት። መሃሉ ላይ ቁራጯ ወረቀት ተገኘች።

«ወለተ ሥላሴ፣ የትርሲት ልጅ። ማን ናት?»

እጄን አወጣሁ።

«አንቺ?» አለ ግሩም፣ ክው ብሎ። አንቱታውን ያን ጊዜ ተወው።

ጋሽ ሙባሪክ ወረቀቷን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። ጽሑፉ አረንጓዴ ነው። አዳራሹ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ እሱም ሸሚዙን እያስተካከለ በጎን በር ወጣ።

ናዝሬት ግን አላየችውም። ወረቀቷን እያየች ቆማለች። የማን ስም ሊጻፍባት እንደነበር፣ ማን እንደተተካላትም ገብቷታል። ብራናውን ተቀብላ ማርከሻውን ማንበብ ጀመረች። ለታሰረ አፍ ዋስ ያስፈልገዋል ይላል መጽሐፉ። ዋሱም የታሰረውን የሚወድ፣ የራሱን የክርስትና ስም በሕዝብ ፊት የሚጠራ ሰው ነው።

ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን አወናጨፍኩ። ተይ፣ ተይ!

ልጅቷ መቼ ሰምታኝ ታውቃለች። ስልሳ ሰው ፊት ቀና ብላ፣ «ዋሷ እኔ ነኝ። እኅተ ማርያም፣ የአሰፋሽ ልጅ» አለች። «እሷም የክርስትና እናቴ ናት።»

ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ።

«አንቺ የማትረቢ» አልኳት፤ እንባዬ እየወረደ። «እኔ ዲዳ የሆንኩት ይህን ስም ልደብቅ አልነበር?»