በእናት በኩል

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሽቦ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ይሁን ቀኑን ሙሉ ከኬብል ጋር ስለምትታገል፣ ማንም አያውቅም። የመድኃኒት አከፋፋዩን ዋና ቢሮ ከከተማው ማዶ ካለው መጋዘን ጋር የሚያገናኘው ኔትወርክ በእሷ እጅ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሁለቱ ግን ሰሞኑን ሆድና ጀርባ ሆነዋል፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ድምፁን ቀድታ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለቃበት ነበርና። አክስቶች «ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?» ብለው ጻፉ። እሱም ኮስተር ብሎ ስልኳን ብሎክ አደረገ።

የዚያን ቀን ሽቦ የምሳ ሰዓትን ጠብቃ ሥራ ጀመረች። መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ራውተር አለች፤ የሚመጣውንና የሚሄደውን መረጃ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያለች በየመንገዱ የምትሸኝ ትንሽ ሳጥን። አሮጌው መስመር በጣም ስለተንቀራፈፈ፣ ሽቦ ከወንበሯ ሳትነሳ «ከእንግዲህ ሁሉንም በአዲሱ መስመር ላኪ» ብላ ልታዛት ነው። አድራሻውን ጻፈች፤ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ቀጥ አለ።

አንዲት ቁጥር ተሳስታለች። ራውተሯም የታዘዘችውን አክብራ መረጃውን ሁሉ ወደሌለ አድራሻ ትሸኝ ጀመር። ሽቦ የላከችው ቢደርስ እንኳ መልሱን ውሃ ይበላዋል። ስህተቷን የምታርምበትን መንገድ በገዛ እጇ ዘጋችው።

«ወይ እኔ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ።

መላው ቀላል ነበር። አዲሱን ትእዛዝ ገና ቋሚ አላደረገችውም፤ ሳጥኗ ከሶኬት ተነቅላ ብትሰካ እሱን ትረሳና ወደ አሮጌው መንገድ ትመለሳለች። ግን ማን ይንቀላት? የመጋዘኑ ስልክ የሚሠራው በዚያችው ሳጥን በኩል ነው። ሠራተኛው ምሳ ወጥቷል፤ ምሳውን ቢሮው የሚበላ ወንድሟ ብቻ ነው፤ የእጅ ስልኩ ደግሞ ለእሷ ዝግ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ መኪኖች ለጭነት ይሰለፋሉ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማ፣ ወንድምጋሼን፣ ቢሮህ ያለችውን መብራት የምታበራ ሳጥን ነቅለህ መልሰህ ሰካት በይልኝ።»

«ራስሽ አትነግሪውም?»

«አያነሳማ!»

«ማን አስቀይሚው አለሽ?» አለች እናት። ቢሆንም ሽቦን መስመር ላይ ትታ በቤት ስልኩ ደወለችለት። «ነቅዬ ሰክቻለሁ ይላል።»

ሽቦ ስክሪኑን አየች። ምንም የለም። «የቷን ነው የነቀለው?»

የነቀለው የውሃ ማቀዝቀዣዋን ነበር። እሷም መብራት ታበራለቻ!

«ኧረ አንቴና ያላትን!» አለች ሽቦ።

እናት «ሬዲዮኑን ነው የምትልህ» ብላ አስተላለፈች። ወንድም ቢሮው ውስጥ ሬዲዮ ፈልጎ አጣ።

«እኔ የእናንተ ተላላኪ ነኝ?» ብላ እናት ተቆጣችና እርስ በርስ እንዲሰማሙ የእጅ ስልኳንና የቤት ስልኩን እጀታ የአንዱን ጆሮ ከሌላው አፍ ገጥማ ያዘቻቸው።

«እማዬ» አለ ወንድም፣ «ከሷ ጋር እያወራሁ እንዳልሆነ ንገሪያት።»

«እማ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ያለችው ጥቁር ሳጥን በይው።»

«እማዬ፣ ብዙ ገመድ ነው ያላት። የቱን?»

«ሶኬት ላይ የተሰካውን! ሰማያዊዎቹን እንዳትነካ፣ በሞቴ!»

«ማን ነካቸው? አትጩሂብኝ!» አለ፤ እናቱን መጥራት ረስቶ። «ይኸው ነቀልኩ።»

«ትንሽ ቆይና ሰካት።»

ሰካት። ሳጥኗ እስክትነሳ ጊዜ ትፈልጋለች፤ በስልኩ ውስጥ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ሆነ።

«ምን እየበላህ ነው?» አለች ሽቦ።

«የትናንት ሩዝ።»

«ቀዝቃዛውን?»

«ማሞቂያው ተበላሽቷል ብዬ ስንቴ ልናገር?»

ድንገት ስክሪኑ ላይ ፊደሎች መሮጥ ጀመሩ። «መጣች! ወንድምጋሼ፣ መጣች!»

«እሰይ!» አለ፤ ወዲያው ኩርፊያው ትዝ አለውና፣ «እማዬ፣ እሰይ ብሏል በያት።»

ሽቦ ሳቋ አመለጣት። «ስለዚያ ድምፅ ይቅርታ። ነገ አጠፋዋለሁ።»

«ነገ? ለምን ዛሬ አይሆንም?»

«እሺ አሁን። ነገ ግን አዲሱን መስመር እዚያው ሆኜ ላስተካክል እመጣለሁ።»

«ነይ፤ ግን ቁም ሳጥኔን እንዳታንቀሳቅሺብኝ።»

«ሳላንቀሳቅሰው በየት በኩል ልወጣ?»

«በመሰላል ነዋ!»

«መሰላላችሁ እኮ እግሩ ሰባራ ነው!»

«እጄ ዛለ» አለች እናት ከመሃል። «ልዝጋ?»

ማንም አልሰማትም።