የዋቅወያ ደን

ነቀምቴ ላይ እንደ እኔ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር የአገሬው ልጅ ጥቂት ነበር፤ ጉራዬም ለጉድ ነበር። ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ዓመት ቀላድ ጣዮች መሬት ሊለኩ ወደ ቢላ ሲሄዱ አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱኝ። ቢላ የተወለድኩበት ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ዋቅወያም እዚያው ያርሳል።

በመጨረሻው ቀን ከትልቁ ደን ደረስን። መሐሉ ላይ ኦዳ የሚሉት ትልቅ ዛፍ አለ፤ ዝናብ ሲጠፋ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከሥሩ ይለምናሉ። ጸሐፊው አቶ መሸሻ የሸዋ ሰው ነው። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣

«ደኑ የማን ነው በላቸው» አለኝ።

ጠየቅሁ። የአገሩ ሽማግሌ ኦቦ ኢዶሳ በጣታቸው ወደ ሰማይ አመለከቱ።

«ካን ዋቃዮቲ።»

ዋቃዮ እግዜር ነው፤ የእግዜር ነው ማለታቸው ነው። መሸሻ ግን ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ዋቃዮ ያሉት የሰው ስም መሰለው። ብዕሩን ቀለም ነክሮ፣

«ዋቅወያ... የማን ልጅ?» አለ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ዋጥኩት። ባለቤት የለውም ብል ደኑ ለአንዱ ሹም ይሰጣል አልኩ በልቤ፤ ይህን ሰበብ እስከ ዛሬ ለራሴ እደጋግማለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ስስት ነው።

«የሞረዳ» አልኩት።

ሞረዳ አባቴ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወንድሜ ወረቀቱ እንደ ደረሰው መጥረቢያ አነሳ። ኦዳውን እንኳ አልማረውም። አገሩ ይነሣብናል ብዬ ስፈራ ኦቦ ኢዶሳ ብቻቸውን ወደ እኔ መጡ።

«ታፋ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ደኑ የዋቅወያ ነው ይላል።»

«እንግዲያው የባለቤቱን ሥራ ይሥራ» ብለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ሰኔ ገብቶ ደመና ጠፋ። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከወንድሜ ደጅ ተቀመጡ።

«ዋቅወያ፣ ዝናብ ስጠን!»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱም መጡ። በሳምንቱ ሳቁ ቀርቶ እህል አልወርድለት አለ፤ ድረስልኝ ብሎ ነቀምቴ ላከብኝ።

ስደርስ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። የሚጮህ የለም። በእጃቸው የያዙት ሣር ደርቋል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከወንድሜ በር ላይ ቆሜ፣

«አባቶቼ፣ ወንድሜ ሰው ነው። ዝናብ ከየት ያመጣል?» አልኩ።

ኦቦ ኢዶሳ ተነሡ።

«ሰው ከሆነ የዋቃዮን ዛፍ የቆረጠ ሰው ነው። ሰው ካልሆነ ያዝንብ። አፋችን አንተ ነበርክ፤ አንተው ንገረን።» አንድ እርምጃ ቀረቡኝ። «ዋቃዮ አባት የለውም፣ ታፋ። የማን ልጅ ብለህ ነው ያስጻፍከው?»

ከኋላዬ ወንድሜ በሩን ከውስጥ ሲቀረቅረው ሰማሁ።