ጨርቅ የታሰረባቸው ጉቶዎች

«እስቲ ዘነዘናውን አቁሙት!» አለች ታሳላ።

ማሽላ የሚወቅጡት ሴቶች ቀጥ አሉ። ባሏ ታንኮ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የሚወቀጠውም ለሰባተኛው ቀን ሰደቃ ነው። ግቢው ጸጥ ሲል ከታንኮ ማሳ በኩል የምሳር ድምፅ መጣ። ጧ! ቆየት ብሎ ደግሞ ጧ!

«ማነው?»

«ማቶ ነው» አለች ጎረቤቷ ሂንዴ፣ ዓይኗን ወደ ሙቀጫው መልሳ። ማቶ የታንኮ ታናሽ ወንድም ነው። «ለሰደቃው ማገዶ ነው አሉ።»

«ለሰደቃ አንድ ዛፍ አይበቃም? ትናንትም ሰምቼዋለሁ።»

«እውነቱን ልንገርሽ? ማሳውን ድራሹን አጠፋዋለሁ ብሏል። ልጅ የላችሁም፤ ሩቡ ላንቺ፣ የቀረው ለሱ ነው። ማን ይከለክለዋል? አንቺ ደግሞ የባል ሐዘን ኢዳ ላይ ነሽ፤ ተይው እህቴ።»

እውነቷን ነው። አራት ወር ከአሥር ቀን ታሳላ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አትልም። ሮጣ ሄዳ አንዱን ግንድ እንኳ ልታቅፍ አትችልም። ጎጆዋ ገባችና በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሰሌን ለቀቀችው።

ታንኮን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ጎበዝ ገበሬ የሚባለው ከዘር በፊት ማሳውን ልቅም አድርጎ የሚያጸዳ ነው። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ነገር ካለ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል። አባቶቻችን ሲያጸዱ ሲያጸዱ አገሩ ራሰ በራ ሆነ፤ ንፋሱም ዘሩን ከነአፈሩ ይዞት መሄድ ጀመረ። በዚያ ዘመን የታንኮና የታሳላ አንድያ ልጅ በኩፍኝ ሞተች። ሁለት ዓመቷ ነበር። ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ አፈሩ ሬሳዋን እንዳይነካት ከላይ የሚረበረብ እንጨት ግን ከየት ይምጣ? ታንኮ ቤቱ ሄዶ አልጋውን ሰባብሮ መጣ። ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ነው የተኛው።

በዓመቱ ማሳውን አላጸዳም። የግራር ጉቶዎቹ ሲያቆጠቁጡ ከየጉቶው አንዷን ቀንበጥ መርጦ ተዋትና ሰው እንዳይነካት ቀይ ጨርቅ እየቀደደ አሰረባት። ጨርቁ ልጅቷ የምትታዘልበት ነበር። ሰው ሳቀበት። «የታንኮ ማሳ ጸጉር አበቀለ!» ተባለ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው ማቶ ነበር፤ ማቶ ቀልደኛ ነው። በእኛ ወግ ታናሽ ወንድም የታላቁን ሚስት «ሚስቴ» እያለ ይቀልድባታል፤ እሱም ጧት ማታ ደጃፏ ላይ ቆሞ «ሚስቴ! ገንፎዬ የታለ? ያንን ሽማግሌ ፈትተሽ ነይ እንጂ!» ይላታል። እሷም በማማሰያ ታባርረዋለች።

አንድ ቀን ጧት ታንኮ ሰባት ቀንበጦች ተቆርጠው አገኘ። ከሳምንት በፊት ማቶ ምሳር ይዞ በዚያ ሲያልፍ ታይቷል። በቃ፤ መስጊድ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «የልጄን ጨርቅ የፈታህ ሌባ!» አለው። ማቶ ማለ፣ ተገዘተ። ታንኮ አላመነውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። «ሚስቴ» የሚለው ቃልም ከዚያ ግቢ ጠፋ።

ዛፎቹ ግን አደጉ። ሌላውም ሰው አይቶ ቀንበጥ መተው ጀመረ፤ ይኸው ዛሬ ማሳችን ሁሉ ጥላ አለው። ታንኮ ሲቀበርም ርብራቡ ከራሱ ማሳ መጣ። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አፈሩ ተመልሶ ሲያበቃ የመስጊዳችን መምህር ማላም ላዋሊ ማቶን ጠጋ ብለው «ወንድምህ ሊሞት ሲል ማቶን ይቅር ብዬዋለሁ በሉት ብሏል» አሉት።

«ምን አድርጌ?» አለ ማቶ። አካፋውን ወርውሮ ሄደ።

ያንን የይቅርታ ቃል ታንኮ ሲናገር ራሱን ጉልበቷ ላይ ደግፋ የያዘችው ታሳላ ነበረች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ባሏ በዚያው አሸለበ።

አሁን ሰሌኑ ሥር ተቀምጣ ምሳሩን ሰማች። ሂንዴን ጠራቻትና «ማቶን አምጪልኝ። ማላምም ይምጡ» አለቻት።

«ምን ልትዪው ነው?»

«እውነቱን።»

ሂንዴ ገባት መሰለኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች። «አብደሻል? የቀረውንም እኮ በንዴት ይጨርሰዋል! አንቺንስ ሰው ምን ይልሻል?»

«ይበለኝ።»

መጡ። ማላም የማሽላ ድብልብል ፉራ በእርጎ ቀረበላቸው፤ ማቶ አልቀምስም ብሎ ከሰሌኑ ወዲያ ቁጢጥ አለ።

«እህሳ፣ የወንድሜ ሚስት» አለ ፍርጥም ብሎ።

ታሳላ በሰሌኑ ሥር ትንሽ ቋጠሮ ገፋችለት። ፈታው። ሰባት ቀይ ጨርቆች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማገዶ ፍለጋ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እሄድ ነበር። የዚያን ቀን አሞኝ ነበር፣ መሄድ አቃተኝ። ቆረጥኩና ራቱን ሠራሁበት። በላው። ጨርቁን ማቃጠል ግን አልሆነልኝም፤ የልጄ ነው። አንተን ሲሰድብህ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል...»

ማቶ ጨርቆቹን ያያል።

«ያውቅ ነበር?»

ልትዋሽለት ትችል ነበር። «አያውቅም። አንተ ነህ እንዳለ ሞተ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት!» ብድግ አለ። «ሌባ ብሎኝ ሞተ! ምን አድርጌሽ ነበር? እ? ምን አድርጌሽ?»

«ምንም። ምንም አላደረግከኝም።»

ማላም «አላህ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ማቶ ጨርቆቹን ጨብጦ ወጣ።

በማግስቱ ምሳር አልተሰማም። በአምስተኛውም፣ በስድስተኛውም ቀን አልተሰማም። ታሳላ ግን ጆሮዋን አላመነችውም፤ ሴቶቹ ዘነዘና ባነሱ ቁጥር እጇን ታነሳና ታዳምጣለች።

በሰባተኛው ቀን ሰው ሰደቃውን በልቶ ሲበታተን፣ ከሰሌኑ ወዲያ ቁጢጥ ያለ ሰው ጥላ ወደቀ። 

«ሚስቴ» አለ።

ታሳላ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰችም።

«በቃ፣ በቃ። ስሚኝ። የቆረጥኩትን ሳይ ዋልኩ፤ ጉቶው ደህና ነው፣ ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል። ሴቶች ለማገዶ እንዳይወስዱት ጨርቅ አሰርኩበት።» አፍንጫውን ጠረገ። «የሰጠሽኝ ሰባት ነው። የቆረጥኩት ስምንት።»

ታሳላ የሐዘን ነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ያዘችና ቀደደችው። ቁራጩን በሰሌኑ ሥር አሳለፈችለት። ማቶ ጫፉን ያዘ፤ አልሳበውም። እሷም አልለቀቀችውም።