ሁለት ምሰሶና አንድ ደወል

ኦቲሊያ ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ምሰሶው እግር ላይ አፈሰሰችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፤ መነጽሯም ጭጋግ ለበሰ። ምሰሶው ግን ንቅንቅ አላለም።

"ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!" አለ ባሏ ቬንዴሊን፣ በረዶው ላይ እንደተንበረከከ። "ውሃው እኮ ተመልሶ ይጋገራል! እያባሽው ነው።"

"አንተ ታዲያ ምን ሠራህ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጀታውን ይዘህ ትለማመጠዋለህ።"

"አልተለማመጥኩትም። ሰደብኩት።"

"ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ?"

"በልቤ ነው።"

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ሠርጉ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሙሽራዋ ደግሞ የሌላ ሰው ሳትሆን የእትዬ ኮርኔሊያ የልጅ ልጅ ናት።

በዶልና ያሴንካ መንደር የበረዶ ሸርተቴ ሜዳው ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው። ሌላ ቦታ አልተገኘለትም። በመንደሩ ደልዳላ መሬት እዚያ ብቻ ነው ያለው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ጥላ ቀኑን ሙሉ ስለሚያርፍበት በረዶው እስከ መጋቢት አይቀልጥም። ዙሪያውን ወገብ በሚደርስ የፕላስቲክ ሳንቃ ይታጠራል፤ ሳንቃዎቹን የሚይዙት ምሰሶዎች ናቸው። ክፋቱ አጥሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ድረስ ይመጣል። ወደ ፊት ለፊቱ በር በአንድ ጊዜ ማለፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሆዱን አስገብቶ።

የዛሬ ዓመት የእትዬ ኮርኔሊያ ባል ሲሞት ምሰሶዎቹ የድሮዎቹ ነበሩ። አንዱን ለመንቀል ስምንት ብሎን መፍታት ያስፈልግ ነበር፤ ብሎኑም ዝጎ ነበር። ሬሳ ሳጥኑ በዚያች ቀዳዳ መታጠፍ አቃተው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ወጥቶ፣ በመጨረሻው ቀን በጎን በር፣ በመጥረጊያና በባልዲ መካከል ገባ። እትዬ ኮርኔሊያ ያን ቀን አላለቀሱም። የሰበካው ጉባኤ ሰብሳቢ ናቸውና በሚቀጥለው ስብሰባ ብድግ ብለው አንድ ወረቀት አነበቡ። የሠርግ ወይም የቀብር ደወል ተደውሎ ሳያበቃ በሩ ፊት ያለው ሳንቃ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ሕዝቡ በጎን በር ይገባል፤ ሜዳውም በማግስቱ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ወንዝ ዳር ደግሞ ፀሐይ ነው። እዚያ በረዶው እስከ ምሳ ሰዓት ሾርባ ይሆናል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቶሎ የሚተከልና ቶሎ የሚነቀል አዲስ ምሰሶ ገዛ። ውስጡ ክፍት ብረት ነው፤ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ይገባል። እግሩ ላይ ያለችውን እጀታ ግማሽ ዙር ማዞር፣ ወደ ላይ መሳብ፣ አለቀ። በጥቅምት ሲሞከር ቬንዴሊን ሁለቱን ምሰሶ ነቅሎ ሳንቃውን ያነሳው በአንድ ደቂቃ ነበር። ሰው አጨበጨበ። እትዬ ኮርኔሊያ ብቻ "በጥቅምት እኔም እነቅለዋለሁ" አሉ። ያኔ ነው ኦቲሊያ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የምትይዘው፣ ሻማ የምታበራው፣ ደወል የምትደውለው ኦቲሊያ፣ ጉባኤው ፊት ቆማ "በእኔ ይሁን፤ በጥርም ይነቀላል" ያለችው።

ለምን አለች? በባሏ ምክንያት ነው። ቬንዴሊን ከፋብሪካው ጡረታ የወጣ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ኩሽናዋ ውስጥ ከረመ። ድንች ስትልጥ አጠገቧ ቆሞ "ልጣጩ ወፈረ" ይላል። ድስቶቿን በቁመታቸው ደረደራቸው። ሊጥ ስታቦካ ሰዓት ይይዝላታል። ሦስቱም ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ስልክ ደውላ ብታለቅስ "እማዬ፣ ደግ ሰው እኮ ነው" ይሏታል። ደግ መሆኑን መች አጣችው። እሷ በዚያ ክረምት የጸለየችው አንድ ጸሎት ብቻ ነበር፤ "ጌታዬ፣ ዕድሜና ጤና ስጠው፣ ከቤት ግን አውጣልኝ።" እግዚአብሔርም ሰማትና ሜዳውን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ማታ ማታ ጎማውን ይዞ በረዶው ላይ ውሃ ይረጫል፣ አፍንጫው ቀልቶ ይገባል፣ ሾርባውን ምንም ሳይናገር ጠጥቶ ይተኛል። ሜዳው ወንዝ ዳር ከሄደ ቬንዴሊን ወደ ኩሽና ይመለሳል።

ሥጋ ሻጩ ድራሆሽ እየሮጠ መጣ። የታረደ አሳማ ፀጉር የሚያቃጥልበትን የጋዝ እሳት ተሸክሟል።

"ዞር በሉ!" አለ። "ይሄ ያልፈታው ነገር የለም።"

"ቆይ" አለች ኦቲሊያ። ምሰሶውን ካናቱ ጀምራ ቁልቁል አየችው። "ውሃው እንዴት ነው ውስጡ የገባው? አናቱ ላይ ክዳን ነበረው አይደል?"

ወደ ባሏ ዞረች።

"አንተ፣ አንተን ነው የምጠይቀው። ክዳን አልነበረውም?"

"ነበረው" አለ ቬንዴሊን።

"ታዲያ የት ሄደ?"

ቬንዴሊን ድራሆሽን አየ። ድራሆሽ የደወሉን ማማ አየ።

"ያኔ አምስታችን ምሰሶዎቹን የመረቅን ዕለት…" አለ ድራሆሽ። "ብርጭቆ አላመጣንም ነበር።"

"እሺ?"

"ክዳኑ ልክ የአረቄ መለኪያ ያህላል፣ ኦቲሊያ። በእግዚአብሔር፣ አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አጠብናቸው!" አለ ቬንዴሊን፣ እንደ ተበደለ ሰው። "አሥራ ሁለቱንም አጥበን መደርደሪያ ላይ ደረደርናቸው። አንድ አልጠፋም።"

ኦቲሊያ አማተበች። ወር ሙሉ ማታ ማታ የተረጨው ውሃ በምሰሶው አናት እየገባ ቁልቁል ወርዶ፣ መሬት ውስጥ እግሩን እንዳለ አቅፎ ጋግሮታል። በጥቅምት በረዶ የለም፤ በጥር ግን አለ። አራት ጡረተኛና አንድ ሥጋ ሻጭ ተሰብስበው ይቺን ማሰብ አቃታቸው።

ድራሆሽ እሳቱን ለኮሰው። ሲቀጣጠል ጮኸ፤ የተቃጠለ የአሳማ ፀጉር ሽታም አደባባዩን ሞላው። ሳንቃው ፕላስቲክ ስለሆነ እሳቱን ራቅ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያሞቀው። እትዬ ኮርኔሊያ ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የባላቸውን የኪስ ሰዓት በእጃቸው ይዘው ከች ያሉት በዚህ መሐል ነው።

"ይሄ የልጅ ልጄ ሠርግ ነው ወይስ አሳማ እያረዳችሁ ነው?"

"እትዬ፣ ሁለቱንም የማሰናዳው እኔ ነኝ" አለ ድራሆሽ ቀና ሳይል።

"በጥቅምት አጨብጭባችሁ ነበር።"

"ዛሬም ያጨበጭባሉ፣ እትዬ" አለች ኦቲሊያ። ድምፅዋ ግን ራሷንም አላሳመናት።

"እናያለና።" እትዬ ኮርኔሊያ ደረጃው ላይ ቆሙ። የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው፤ ክብደታቸው የአንድ ከረጢት ድንች አይሆንም፤ ግን እዚያ ደረጃ ላይ ሲቆሙ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ለሳቸው መደገፊያ ይመስላል።

ወጣቱ ቄስ አባ ክርስቲያን ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ጠብ አይወዱም። "እኔ እንግዲህ ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ መንደር ሌላ ሠርግ አለብኝ" አሉ እጃቸውን እያሻሹ። "ደወሉ ሲቆም እንጀምራለን። ከተከፈተ በዚህ፣ ካልተከፈተ በጎን በር።"

ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን የመጀመሪያው ምሰሶ ጓ ብሎ ወጣ። ድራሆሽ ጮኸ፤ ቬንዴሊን ሳመው። አንድ ሳንቃ ግን የሚቆመው በሁለት ምሰሶ መካከል ነው፤ አንዱ ብቻ ቢነቀል ጥርስ የወለቀበት አፍ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም። ከመንገዱ ማዶ የአኮርዲዮን ድምፅ ተሰማ። ሙሽራዋ እየመጣች ነው።

"ሂጂ ደውይ" አለ ቬንዴሊን፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ። "እና… ቀስ ብለሽ ደውይ።"

"ደወል ቀስ ተብሎ አይደወልም።"

የደወሉ ሞተር ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኦቲሊያ የምትደውለው በገመድ ነው። የማማው ሥር ገብታ ኮቷን አወለቀች፣ አማተበች፣ ገመዱን ሳበች። ለሠርግ የሚደወለው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በትንሿ መስኮት ቁልቁል ይታያታል፦ ነጭ ቀሚስ፣ ቀይ አፍንጫ ያላቸው ዘመዶች፣ ሰማያዊ ነበልባል፣ በሆዱ በረዶው ላይ የተኛ ባሏ።

አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ከዚያ አሥር። እጇ ዛለ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ገመዱ በማን እጅ ነው? በኔ። ሩብ ሰዓቱ ቢያልፍም ዝም ብዬ ብደውልስ? "ውጣ ከኔ" አለችው ሐሳቡን። ሐሳቡም ወጣ፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

በሩ ተከፈተ። የገቡት ግን እትዬ ኮርኔሊያ ነበሩ።

"ልታጭበረብሪ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው የመጣሁት" አሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

"አስቤ ነበር" አለች ኦቲሊያ እየሳበች። "እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎ ሲገቡ እሱኑ እያሰብኩ ነበር።"

"ምሰሶውን በደህና ቀን ለምን አልሞከራችሁትም?"

"ምሰሶው ጥፋት የለበትም፣ እትዬ። ክዳኑን አረቄ ጠጡበት።"

"በምሰሶ ክዳን?"

"አጥበውታል።"

"የኔም ባል ያው ነበር" አሉ እትዬ ኮርኔሊያ። "የጋብቻ ቀለበቱን ለመጋዙ ማጥበቂያ አድርጎት ነበር።" ከዚያ ወዲያው ፊታቸውን አኮሳተሩ። "ሞላ። ሩብ ሰዓት ሞላ።"

ኦቲሊያ በመስኮቱ አየች። ሁለተኛው ምሰሶ እንደቆመ ነው። ቬንዴሊን ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ይዞታል፣ እንደ ታማሚ እጅ። አንድ ጊዜ ብትስብ፣ ሁለት ጊዜ ብትስብ ማን ያውቃል? ያኛው ያውቃል፤ ከላይ ያለው። ኩሽናዋን አሰበች፤ ድስቶቿን በቁመታቸው ተደርድረው አየቻቸው። "ይሁን እንግዲህ" አለችና ገመዱን ለቀቀችው።

ደወሉ በራሱ ሁለቴ መታ፤ እየላላ፣ እየሰነፈ። ውጪ አባ ክርስቲያን ቀና ብለው ማማውን አዩና ሙሽራዋን በእጃቸው ጠቆሟት፤ በዚህ፣ በጎን በኩል። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ዞረች። አኮርዲዮኑ ቆመ።

"የት ነው የሚወስዷት?" አሉ እትዬ ኮርኔሊያ፣ በመስኮቱ ተንጠራርተው።

"በጎን በር ነዋ። ደወሉ ሲቆም በጎን በር ነው ተብሎ ተጽፏል።"

"በመጥረጊያው በኩል?"

"ባልዲውን ወዲያ አድርጌዋለሁ።"

አሮጊቷ ሙሽራዋን አዩ፣ ገመዱን አዩ። የኪስ ሰዓቱን ቦርሳቸው ውስጥ ጨመሩት፣ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ በሰማንያ ዓመታቸው ዘለው ገመዱ ላይ ተንጠለጠሉ። ደወሉ ጓ አለ።

"ማን አቁሚ አለሽ?"

"እትዬ! ራስዎ እኮ ነዎት ሞላ ያሉት!"

"ወረቀቱ ሩብ ሰዓት አይልም! ደወሉ ሳያበቃ ነው የሚለው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለኔ ልትነግሪኝ ነው?"

ደወሉ ሲመለስ ገመዱ ወደ ላይ ሄደ፤ እትዬ ኮርኔሊያም አብረው ሄዱ። ጫማቸው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አለ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። ኦቲሊያ ጮኸች። እሳቸው ግን እንደገና ወርደው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ሳቡ። ውጪ አባ ክርስቲያን አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቆሙ። ሙሽራዋ ዞረች። ዘመድ አዝማዱ አንጋጦ ቀረ።

"እና ሜዳውስ?" አለች ኦቲሊያ።

"ደወሉ እየተደወለ አይደለም እንዴ? ደንቆሮ ነሽ?"

ሦስት ጊዜ ሄዱ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ። ከዚያ ከበረዶው ላይ የብረት ጓታ፣ ተከትሎም የወንዶች ጩኸት ተሰማ። ሳንቃው በአራት እጅ ተነሳ። ቬንዴሊን ምሰሶውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቁጭ ብሏል። አኮርዲዮኑ ካቆመበት ቀጠለ፤ ነጩ ቀሚስም በሰፊው መንገድ ወደ ፊት ለፊቱ በር አመራ።

"ተከፈተ! ይበቃል፣ እትዬ፣ ይልቀቁት!"

"ሁሉም ይግባ!" አሉ እትዬ ኮርኔሊያ ከላይ። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ የሚያለቅሱት ግን ለሙሽራዋ ብቻ አይመስልም። "አንቺ ሂጂ፣ ሻማውን አብሪ። ይጠብቁሻል።"

እውነት ነው፤ ሻማው አልበራም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻማ ሳታበራ ሠርግ ተጀምሮ አያውቅም። ኦቲሊያ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች። አሮጊቷ እንደገና ከመሬት ተነሱ።

"ሻማውን ዛሬ አባ ክርስቲያን ራሳቸው ያብሩት" አለችና ተመልሳ የእትዬ ኮርኔሊያን ወገብ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች።