የጠሀ ጀልባ

ሰባተኛ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ጠሀ የሚባል አናጢ ጀልባ መሥራት ጀመረ። ጎረቤቱ ወልደ ሚካኤል ነገሩን ያወቀው አንድ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ፣ ግቢው መሀል አንድ ረጅም ወፍራም እንጨት ተጋድሞ ባየ ጊዜ ነው። የምን ምሰሶ ነው ብሎ ጠየቀ። ጠሀ ፈገግ አለና ምሰሶ ሳይሆን የጀልባ መሠረት መሆኑን ነገረው። ጀልባው ዝዋይ ለሚኖረው ለአጎቱ ልጅ ለሙናዊር ነው፤ በአዘቦት ዓሣ ሊያሰግርበት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰው ወደ ደሴቶቹ ሊያመላልስበት። ወልደ ሚካኤል “ጥሩ ነው” አለና ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ወልደ ሚካኤል የዘጌ ሰው ነው። ጣና ዳር ተወልዶ አድጎ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ገብቶ፣ መርካቶ ውስጥ እንጨት ሲልግ ያረጀ። አንድ ቀን ጀልባ እንደሚሠራ በግቢው የማያውቅ አልነበረም፤ ራሱ ሲናገር ኖሯልና። ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ዋንዛ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ውሃ እንዳያስገባ ስንጥቁ በምን እንደሚደፈን፣ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫው ወዴት መዞር እንዳለበት ያወራል። ለሚስቱ ለአስናቀችም ገና ሲጋቡ ቃል ገብቶላት ነበር፤ በገዛ እጁ በሠራው ጀልባ አሳፍሮ ገዳማቱን ሊያሳያት። አስናቀች የመንዝ ልጅ ናት፤ ሐይቅ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ትዳር ይዘው ወጡ። እሱ የሱቅ መደርደሪያና የበር መቃን ሲሠራ ዕድሜው ሄደ፤ ጀልባው ወሬ ሆኖ ቀረ።

ጠሀ ደግሞ ተማሪው ነበር። ከስልጤ እንደመጣ የመላጊያ አያያዝ ያሳየው ወልደ ሚካኤል ነው። በኋላ ጠሀ ራሱን ችሎ ወጣ፣ ካሚላን አገባ፣ እዚያው ግቢ ቤት ተከራየ። ወልደ ሚካኤል ይወደው ነበር፤ ያ እንጨት ግቢው መሀል እስኪጋደም ድረስ።

ክረምቱ እንዳለፈ ሥራው ገፋ። ከእንጨቱ ግራና ቀኝ እንደ ጎድን አጥንት የጎበጡ እንጨቶች ቆሙ፣ በላያቸው ኮምፔንሳቶ ተለበጠ፣ ኮምፔንሳቶው ደግሞ ውሃ እንዳያስገባ በፋይበር ግላስ ተሸፈነ። ጠሀ ያልገባው ነገር ሲኖር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያያል። ወልደ ሚካኤልን ይህ አንገበገበው። ጣና ላይ ያደገ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ስልክ ይጠየቃል። ከወርክሾፑ ወደ ግቢው ሲገባ ግን ጠሀ ብድግ ብሎ “ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ” ቢለው ደክሞኛል ብሎ ያልፋል። መጠየቁም አለመጠየቁም እኩል ያናድደው ነበር።

ወሬው ከግቢው ወጣ። የቆርቆሮ ነጋዴዎች፣ ኩሊዎች፣ ሸራ የሚሰፉ ሴቶች እየመጡ ማየት ጀመሩ። አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሰፈሩ ጠሀን “ኖህ” አለው። ወልደ ሚካኤል በመንገድ ሲያልፍ ባለሱቆቹ ሰላም እንዳሉት “ኖህ የት ደረሰ?” ይሉታል፤ እሱም የት እንደደረሰ ያስረዳል፤ ከዚያ ምሳው አይወርድለትም። ከሁሉ የባሰው ጠሀ ለመጣ እንግዳ ሁሉ “የጀልባን ነገር የሰማሁት ከጋሼ ነው፤ እሳቸው ባያወሩልኝ አላስበውም ነበር” ማለቱ ነበር። ጠሀ ሊያከብረው ነው። ወልደ ሚካኤል ግን የሰማው፣ ‘እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሠራሁ’ እንዳለ ሆኖ ነው።

ቤት ውስጥም አልቀረለትም። አስናቀች ምሳ ከበሉ በኋላ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ጀልባውን እያየች ምስር ትለቅማለች። አንድ ቀን፣ እንዲያው ለራሷ እንደምታወራ፣ “እንዴት ያምራል” አለች። ለእሱ ሥራ እንዲህ ያለችበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከረ። ለልጃቸው ሠርግ ለሠራው ቁምሳጥን ብላ ይሆናል። እርግጠኛ መሆን አቃተው።

አንድ አርብ ቀትር ላይ ጠሀ ለጁምዓ ወደ አንዋር መስጊድ ሄደ። ካሚላም አትክልት ተራ ወርዳ ነበር። ግቢው ጭር ሲል ወልደ ሚካኤል ወደ ጀልባው ተጠጋ። ጉድለት ፍለጋ ነው የሄደው። መጋጠሚያዎቹን በጣቱ ዳበሰ፤ ከጎኑ አጎንብሶ መስመሩን በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ፤ ከሥሩ ገብቶ በጉልበቱ እየዳኸ አየ። ጉድለት የለውም። መላጊያው ያረፈበት ቦታ ሁሉ እሱ ራሱ ያስተማረው እጅ ይታያል፤ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ከእሱ እጅ የተሻለ ነው። ልብሱን እያራገፈ ሲነሳ ዓይኑ የግቢው በር ላይ አረፈ።

በሩ ጠባብ ነው። ከበሩ ውጪ ያለው መተላለፊያ በሁለት ቤቶች መሀል ጥቂት ሄዶ ይታጠፋል። ወልደ ሚካኤል ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጀልባውን ለካ፣ በሩን ለካ፣ መታጠፊያውን ለካ። በወርዱ አያልፍም። በጎኑ ቢያዞሩትም ርዝመቱ መታጠፊያው ላይ ይያዛል። ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ለካ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ቀን ምሳውን አጣጥሞ በላ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ተለወጠ። ጠሀን ቆሞ ያዋራው ጀመር። ቀለሙን መረጠለት፤ እንግዳ ሲመጣ አብሮ ያስጎበኝ ጀመር። ጠሀ በጎንና በጎኑ የግጭት መከላከያ እንጨት ልምታበት ወይስ ይቅር ብሎ ሲያማክረው፣ “ምታበት እንጂ፤ ወፈር አድርገው” አለው። እንዲወፍር የፈለገው ለምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ጠሀ በደስታ እጁን ይዞ “ጋሼ፣ የዋሉልኝን ውለታ በምን እንደምመልስ አላውቅም” አለ። ወልደ ሚካኤል የትኛውን ውለታ እንደሆነ አልገባውም፤ ፌዝ መሰለው። ምንም አይደል፣ ቀኑ ይመጣል፣ ብሎ ተወው።

ቀኑ እሁድ ሆነ፤ መርካቶ ሱቁ ተዘግቶ መንገዱ ለመኪና የሚመችበት። ሙናዊር ከዝዋይ ፒካፕ እየነዳ፣ ከኋላው ባዶ ተሳቢ እየጎተተ መጣ። ወልደ ሚካኤል ከቅዳሴ እንደተመለሰ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ሰው ግቢውን ሞላው። በአሥር ወንድ ቢነሳም የማያልፍ ጀልባ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ ስልክ እየቀረጸ፣ በሩ ላይ ሲደናቀፍ በዓይነ ህሊናው ያየው ጀመር።

ጠሀ ግን ወደ በሩ ዞር ብሎም አላየ። በቀጥታ ወደ ወልደ ሚካኤል መጥቶ፣ በሁለት እጁ ጨበጠውና፣ “እንግዲህ ከፈቀዱልን ቆርቆሮውን ማንሳት እንጀምር” አለው።

“የምን ቆርቆሮ?”

“የወርክሾፑን ነዋ፣ ጋሼ።”

የወልደ ሚካኤል ወርክሾፕ ፊቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው፤ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር አለው። ጀርባው ደግሞ የግቢው ዳር ላይ ያረፈ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ቢነሳ ጀልባው በወርክሾፑ መሀል አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ይህን እያየ ለዓመታት ኖሯል፤ ሲለካ ግን ጭራሽ አልታየውም። ቀና ሲል አስናቀች የወርክሾፑን ቁልፍ በእጇ ይዛ ቆማለች።

ተነስቶ በመንገዱ በኩል ዞሮ ወደ ወርክሾፑ ሄደ። እሷም ተከትላው በሩን ከፈተችና፣ ሁለቱም ሲገቡ ገርበብ አደረገችው።

“ማን ፈቀደለት?” አላት።

የፈቀደችው እሷ እንደሆነች ነገረችው። ጠሀ ሊጠይቅ የመጣው ገና ሥራውን ሳይጀምር ነበር፤ ወልደ ሚካኤል ለቅሶ ሄዶ ስለነበር አጣው። እሷ እሺ አለችው፤ ለእሱም ልትነግረው አስባ ነበር። በማግስቱ እንጨቱን አይቶ ፊቱን ሳይታጠብ ሲመለስ ግን ፈራች። ለጠሀ ‘ጋሼህ በደስታ ፈቅዷል’ ብላ ዋሸች።

“የኔን ግድግዳ! እኔ ሳላውቅ!”

“አዎ፣ አጥፍቻለሁ።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “አንተስ? ያን አርብ በሩን ስትለካ በመስኮት አይቼሃለሁ።”

ወልደ ሚካኤል መጋዙን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

“ሄደህ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ” አለች። “ስታዋራው ባየሁህ ቁጥር አሁን ነገረው፣ አሁን ነገረው እላለሁ። እስከ ትናንት ማታ ጠበቅኩህ።”

“ምን አድርግ ነው የምትይኝ?”

“ምንም። ልጁ ውጪ ቆሟል። ወጥተህ አልፈቀድኩም ማለት ትችላለህ። እኔም መዋሸቴን እነግረዋለሁ።”

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑራለት ወጣች።

ወልደ ሚካኤል ብቻውን ቆየ። የተናደደው በእሷ ይሁን በራሱ፣ መለየት አልቻለም። ከቆርቆሮው ባሻገር የሰው ሳቅ ይሰማል። ሙናዊር ምን ሆነው ነው የዘገዩት ብሎ ሲጠይቅና ጠሀ ሲመልስለት ሰማ፤ ጋሼ ዕቃቸውን እያነሱ ይሆናል፣ እንርዳቸው እንዴ፣ ይላል። ያ ድምፅ ጥርጣሬ የለበትም። ወልደ ሚካኤል ይህን መቋቋም አቃተው። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ጉጠቱን አንስቶ የቆርቆሮውን ምስማር ከውስጥ በኩል መንቀል ጀመረ።

ከውጪም ተረባረቡ። ቆርቆሮው ወረደ፤ ማሽኑና ሳንቃው ወደ ጥግ ተገፋ። ድቡልቡል አጣናዎች መሬት ላይ ደርድረው ጀልባውን በላያቸው እያንከባለሉ አስገቡት። ወርክሾፑን ሞላው። ወልደ ሚካኤል በግድግዳውና በጀልባው መሀል ተጣቦ ቆሞ፣ የእድሜ ልክ ቦታው ላይ የሌላ ሰው ጀልባ ሲያልፍ አየ። ከዚያ ጀልባው ድንገት ቆመ። የመንገዱ በር መቃን ላይ በግራ በኩል ተይዟል። የያዘው ያ የግጭት መከላከያ እንጨት ነው።

“ትንሽ ቢቀጥን ኖሮ” አለ ሙናዊር።

“ግድ የለም፣ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ሲጋጭ ወፍራም ነው የሚሻለው” አለ ጠሀ። “አሁን እፈታውና ዝዋይ ስንደርስ እመልሰዋለሁ።”

ወልደ ሚካኤል መፍቻውን ከጠሀ እጅ ወሰደ። ማንንም ሳያይ ተንበርክኮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። አንገቱ ድረስ ቀልቷል፤ ሰው ያጎነበሰበት ድካም መስሎት ውሃ አመጣለት።

ጀልባው መንገድ ላይ ሲወጣ ሰፈሩ አጨበጨበ። ኩሊዎቹ ከግራና ከቀኝ ይዘው ተሳቢው ላይ አወጡት፣ በገመድ ጠፍረው አሰሩት፣ ወደ ኋላ የተረፈው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠሉ። ጠሀ የፒካፑን በር ከፍቶ “ይግቡ ጋሼ፤ ያለ እርስዎ ውሃ አይነካም” አለው። ወልደ ሚካኤል ወርክሾፑን ክፍት ትቶ መሄድ እንደማይችል ተናገረ። ጠሀ ብዙ ለመነው። በመጨረሻ አስናቀች ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና፣ ባሏን አየት አድርጋ፣ ከካሚላ አጠገብ ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ሄደ።

ወልደ ሚካኤል ቆርቆሮውን መልሶ መምታት ጀመረ። አንዱን መታ፣ ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛው ላይ መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። አስናቀች ሐይቅ ልታይ ነው። ቃሉን የሰጣት እሱ ነበር፤ የሚያሳያት ደግሞ ጠሀ ነው። እስካሁን የቀናው በእንጨትና በወሬ ነበር፤ ይህኛው ግን ሌላ ሆነበት። ማሽኑን ሸራ አልብሶ፣ ጎረቤት እንዲያይለት አደራ ብሎ፣ ታክሲ ይዞ ቃሊቲ ወረደ። ከዚያ ዝዋይ በሚኒባስ ሄደ።

ሐይቁ ዳር ሲደርስ ጀልባው ውሃ ላይ ነበር። ቆሞ በዓይኑ መረመረው። አንድ ጎኑ ቢያዘነብል ደስ ባለው ነበር፤ ግን አላዘነበለም። አስናቀች መሀል ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ካሚላ የነገረቻት ነገር እያሳቃት ነበር። እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። ለሷ የተደሰተ ቢሆን በወደደ፤ ግን ሳቋንም ቀናበት።

ጠሀ አይቶት ወደ ዳር ቀዘፈ። ወልደ ሚካኤል ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ አስናቀች ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችው። ጠሀ መቅዘፊያውን አቀበለው። ከልጅነቱ ወዲህ ያልያዘው ቢሆንም እጁ አልረሳውም፤ ጀልባው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጀልባው ጥሩ ነው ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ከአፉ አልወጣም። ስለ በሩም ሊነግረው ፈለገ፤ እሱም አልወጣም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አሳረፈና የጀልባውን ቆልማማ አፍንጫ በአገጩ አመለከተ።

“ያንን እንዴት አጠፍከው?”

ጠሀ ተገረመ። ጆንያ በፈላ ውሃ ነክሮ እንደሚጠቀልለው፣ እንጨቱ ሲላላ በትንሽ በትንሹ እንደሚያጎብጠው፣ ሁለቱን ሰብሮ በሦስተኛው እንደተሳካለት ተረከለት። ወልደ ሚካኤል እስከ መጨረሻው ሰማው።

“ሲሰበር የት ጋ ነው የተሰበረው?” አለው፤ ጠሀም ሊያሳየው ተጠጋ።