ሙህዲን ኖኪያ

ሰዓዳ ለአረፋ ልጆቿን ይዛ አገሯ ስልጤ ወረደች። ባሏ ሙህዲን እንደ ሌላው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይከተለኛል ስትል ቀረባት። አቃቂ በሰቃ ተመልሳ ሱቃቸው ስትገባ የስፌት መኪናዋ የለችም። መኪናዋ በነበረችበት ጥግ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል። አንዱን ቀደደችው። ኖኪያ! ሌላውንም ቀደደችው። አሁንም ኖኪያ!

"መኪናዬስ?"

"ለእትዬ ፀሐይቱ ሸጥኩላቸው" አለ ሙህዲን፣ ዓይኗን ሳያይ። "አትቆጪ። ኖኪያ እንዲህ ረክሶ አያውቅም። ትንሽ ብንይዘው ተመልሶ ይወደዳል።"

ወይ መዓት! ሰው የሚስቱን እጅ ቆርጦ ሸጦ "አትቆጪ" ይላል? በዚያች መኪና የተሰፋ ዩኒፎርም ያልለበሰ የሰፈር ልጅ አልነበረም። አስቤዛው ከእሷ፣ የልጆቹ ጫማ ከእሷ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሙህዲንን ሰው ያደረገው ኖኪያ ነው። በዚያ ዘመን በአንድ ለአምስት ያልተደራጀ ሰው ቢገኝ እንኳ ኖኪያ ያልያዘ አይገኝም ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሁሉም ባለ ባትሪዋን ደረት ኪሱ ከትቶ ነበር የሚሄደው። ወድቃ ብትበታተን ተገጣጥማ ትደውላለች። "ሙህዲን ኖኪያ" የሚል ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እሱም በስሙ ኮራ። ከዚያ ታች ስልክ መጣና ጎረምሳው ሁሉ መስታወት በጣቱ ሲጠርግ መዋል ጀመረ። የመርካቶ አከፋፋዮች ኖኪያውን በርካሽ አራገፉት። ሙህዲን ደግሞ ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ከነበሩት አባቱ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ሲረክስ ግዛ፣ ቆልፍ፣ ሲወደድ አውጣ። ስልክ ሚስማር መሰለው!

ክረምት ገባ፣ የዩኒፎርም ወራት ደረሰ። ሰዓዳ ጨርቅ ይዘው የመጡ ደንበኞቿን ወደ እትዬ ፀሐይቱ እየጠቆመች ሸኘች። በገዛ መኪናዋ ሌላ ሰው ሲሰፋ እያየች በንዴት ነደደች።

"ኧረ በአላህ፣ ባገኘኸው ሽጠህ መኪናዬን መልስልኝ!"

"ታች የልጅ መጫወቻ ነው። ግማሽ ቀን ሳይውል ባትሪው ያልቃል። ሕዝቡ ወደ ኖኪያ ይመለሳል፣ ታያለሽ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

አንድ ቀን ምሳውን ይዛለት ስትመጣ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። ከካርቶኖቹ ጀርባ ግን ሳቅ ሰማች። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ሙህዲን ግድግዳ ተደግፎ ታች ስልክ ላይ ቪዲዮ ያያል! ያውም አዲስ።

"የማን ነው?"

"የ... የእኔ ነው። ለሥራ ያህል..."

ደሟ ፈላ። "አንተ ራስህ ያልያዝከውን ኖኪያ ማን ይያዝልህ? እኔን ሥራ አስፈትተህ አንተ ታች ትነካካለህ? አላህ ይይልህ!" ስልኩን መንጭቃው ወጣች።

"ሰዓዳ! ሰው ይሰማል!" እያለ ተከተላት።

"ይስማ!"

እትዬ ፀሐይቱ ቤት እንደደረሰች ሲሙን አውጥታ ለባሏ ወረወረችለት፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ ልጅዎ ታች ግዢልኝ እያለች ስትነዘንዝዎት አልነበር? ይኸው። መኪናዬን ይስጡኝ።"

ሴትዮዋ ስልኩን ገልብጠው አዩ። በር ላይ የተገተረውን ሙህዲንንም አዩ። "ውሰጃት ልጄ" አሉ። "ዓይንሽን እያየሁ በመኪናሽ መስፋቱ እኔንም ከብዶኝ ነበር።"

መኪናዋ በጋሪ ተጭና ተመለሰች። ሰዓዳ ካርቶኖቹን እየገፋች ጥጓን አስለቀቀች፤ መኪናዋን አቁማ፣ ክር አስገብታ መስፋት ጀመረች። ሙህዲን ሲሙን በጣቶቹ መሀል እያገላበጠ ቆሞ ቀረ።

"እሺ፣ እኔስ አሁን በምን ልደውል?" አለ በመጨረሻ።

ሰዓዳ ቀና ሳትል አንዱን ካርቶን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው።

"ምረጥ።"