ሠላሳ የነበረው ዘጠና

...ዘጠና፣ ማን ነው ዘጠና ያለው፣ ራሷ ናት፣ በገዛ ጣቷ፣ አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስቲ ልየው፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ይሆናል ትላለች፣ ኮምፒውተር ምን በወጣው፣ አፍ የለው አይከራከር፣ ከአረጋውያን መጦሪያው የደወለችው ዋና ነርስ ግን አምናታለች፣ ቶሎ እዪልኝ እህቴ፣ እማማ ሹራብ ጠያቂ ከመጣላቸው ሰባ ቀን አልፏል፣ ስማቸው ላይ ግን ፀሐይ ነው የሚያሳየኝ፣ እኛ ደግሞ ከሰዓት አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው የምንመድበው ደመና ላለባቸው ብቻ ነው፣ ታውቂ የለ።

ታውቃለች። እንዴት አታውቅ።

ከዚህም ከዚያም የሚታየውን የኮምፒውተር መዝገብ በነጻ ሠርታ ያስረከበች ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎላታል፣ የነዋሪዎችን የጠያቂ እጦት በሥዕልና በቀለም የሚያመላክት ዘመናዊ ሥርዓት ስላበረከቱልን፣ ማኅተም ያለበት፣ ሥርዓት ይሉታል፣ ሦስት መስመር ፎርሙላ እኮ ነው፣ ራሱን በራሱ የሚያሰላ አንድ ሳጥን፣ ከዛሬው ቀን ላይ የመጨረሻው ጠያቂ የመጣበትን ቀን ይቀንሳል፣ ልዩነቱ ከሠላሳ ከበለጠ ፀሐይዋ ጠፍታ ደመና ትመጣለች፣ የስሙም ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ። በነጻ ያለችውም ለጽድቅ መስሏቸው፣ እዚያ ላለመሄድ ነው፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እዚያ ያስገባችውን አባቷን የጦረች እንዲመስላት።

መጀመሪያ ስትሞክረው ከሁሉ በፊት የመጣው የማን ስም ነው፣ የአባቷ። ደመና። ግራጫ። አርባ አራት ቀን። የጎን ጠረጴዛዋ ባልደረባ ሻዩን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል፣ ያምራል፣ ደመናዋ ምንድን ናት? ምንም፣ ለሙከራ ነው። ፊቷ እሳት ሆነ፣ ሠላሳን አጥፍታ ዘጠና ጻፈች፣ ፀሐይ ወጣ፣ ለዛሬ ብቻ አለች፣ ሸወደች በቃ፣ ለዛሬ ብቻ ያለችው ይኸው ሁለት ወር፣ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የሷ ግን እያደር ከበደ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቷ ስም ጋ ስትደርስ እንደተቀያየሙት ሰው ዓይኗን ሰብራ ነው የምታልፈው። የቀሩትን ሰዎች አላሰበቻቸውም። አንድ ጊዜ እንኳ።

ዘጠናን ታጠፋለች። ሠላሳ።

ፀሐዮቹ ይረግፋሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ ሰው፣ እማማ ሹራብም ግራጫ፣ አንዷን እጅጌ ሠርተው የሚተረትሩ፣ መልሰው የሚሠሩ፣ አባቷን ያስገባች ቀን ክሩን ዘርግተው ይቺን ያዥልኝ ልጄ አሏት፣ እቸኩላለሁ እማማ አለች፣ አርባ ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ክር የሚይዝላቸው ሰው በሷ ፎርሙላ ቀረ፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት።

አሁን የአባቷ። ትጠብቃለች። አይጠቁርም። ፀሐይ፣ አረንጓዴ፣ ደግማ ትጫናለች፣ ፀሐይ፣ ፎርሙላው ተሳስቶ በሆነ፣ የቀኑን ሳጥን ትከፍታለች፣ የመጨረሻ ጠያቂ፣ ያለፈው ሰኞ። ሰኞ እሷ እዚህ ነበረች፣ እዚሁ ወንበር ላይ።

አባቴ ጋ ሰኞ ማን መጣ?

አንቺ ነሻ።

እኔ?

እኔስ አላየሁሽም፣ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ በየሰኞው ጠረጴዛዬ ፊት ይቆማሉ፣ ልጄ መጥታ ሄደች፣ እናንተ ምሳ ላይ ነበራችሁ፣ ጻፊላት ይሉኛል። መዝገቡ የተጀመረ ሰሞን የሌላ ሰው ስም ላይ ደመና አይተው ይሄ ምንድን ነው አሉኝ፣ ሠላሳ ቀን ሰው ያልመጣለት ነው አልኳቸው። ልጄ ከዚያ ሆና ታየዋለች? አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ጻፊላት። ጻፊልኝ እንኳ አይደለም። በከዘራ እየተደገፉ፣ ያን ረጅም ኮሪደር፣ በየሰኞው፣ ስልክ ስትደውል ደግሞ ሥራሽን ሥሪ ልጄ፣ እኔ ምን ጎደለኝ፣ እሷ ከደመናው ስትደበቅ እሳቸው እሷን ሲደብቁ፣ ሁለቱም በአንዲት ሳጥን፣ የሳቸው ግን...

አልመጣሁም፣ ትላለች።

እ?

ሰኞም አልመጣሁ፣ ከዚያ በፊትም። ኮምፒውተሩም አልተሳሳተም፣ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ የአባቴን ደመና እንዳላይ ብዬ።

ነርሷ አትሰድባትም፣ ብትሰድባት ይሻል ነበር፣ ስልኩን ከአፏ ራቅ አድርጋ ለአንዷ ሠራተኛ ትናገራለች፣ እማማ ሹራብ ጋ ሂጂ፣ አሁኑኑ፣ ወደ ስልኩ ትመለሳለች።

የአባትሽን የሰኞ ቀን ላጥፋው?

አጥፊው።

ምን ልበላቸው ታዲያ፣ ሰኞ ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆሙ?

ምንም አትበያቸው። እየመጣሁ ነው።

ዛሬ?

ዛሬ።

እንግዲያው የዛሬን ልጻፍልሽ፣ ትላለች ነርሷ፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ፣ ይሄም ያሳፍራል፣ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ይሰማሉ፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት፣ እሷ ቦርሳዋን በአንድ እጇ እየሳበች ከወንበሯ ትነሳለች።

ተይው። ስደርስ ጻፊው።